ጄኔቫ የሕጻናት ጉባኤ ላይ የሚሄድ ልጅና የመጀመሪያዎቹ ቀናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኢትዮጵያ ተነስተው የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት ስብሰባ ላይ የሚሄዱ ልጆች፣ ወላጆችና አጃቢዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ይሄን ነው።

ጉባኤው ምንድን ነው? ልጅ እዚያ ሄዶ ምን ይሠራል?

ጄኔቫ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መብቶች ኮሚቴ ይሰበሰባል። አባላቱ 18 ባለሙያዎች ናቸው። ሥራቸው አገሮች የሕጻናት መብቶች ስምምነትን ምን ያህል እንደሚያከብሩ መመርመር ነው። ስምምነቱ የጸደቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች። ኮሚቴው ከዚህ ሌላ አንድ ርዕስ መርጦ «አጠቃላይ የውይይት ቀን» የሚባል ስብሰባ ያዘጋጃል። ለምሳሌ በ2018 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ የተደረገው ለመብት ስለሚሟገቱ ልጆች ነበር፤ ከዝግጅቱ ጀምሮ ልጆችም ነበሩበት።

ልጅ የሚሄደው ለማጨብጨብ አይደለም። የስምምነቱ አንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመናገርና የመደመጥ መብት አለው ይላል። ከዚህ ትልቁ ምሳሌ ጄኔቫ ሳይሆን ኒውዮርክ ነው። በግንቦት 2002 እ.ኤ.አ. ከ400 በላይ ልጆች ሦስት ቀን ሲመክሩ ሰነበቱ። ከዚያ አንዲት የ13 ዓመት ቦሊቪያዊትና አንዲት የ17 ዓመት የሞናኮ ልጅ የልጆቹን መልእክት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሕጻናት በጠራው ልዩ ስብሰባ ፊት አነበቡ። ያ ስብሰባ መጀመሪያ የታሰበው ለመስከረም 2001 ነበር፤ በኒውዮርኩ ጥቃት ምክንያት ነው የተላለፈው።

ስንት ዓመት የሆነው ልጅ ነው የሚሄደው?

ከ18 ዓመት በታች። ታችኛውን ዕድሜ አዘጋጁ ይወስናል።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚያጠፋው አንድ ነገር አለ። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ይቀርና ቅጹ ላይ እንዳለ ይሞላል። በ2003 የተወለደ ልጅ በውጭ ሰው ዓይን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል፤ «ይሄማ ሕጻን አይደለም» ተብሎ ከዝርዝር ይወጣል። ከማመልከቻው እስከ ኢንሹራንሱ ድረስ ሁሉም ወረቀት ላይ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን፣ ያው ራሱ ይጻፍ።

ምን ምን ሰነድ ያስፈልጋል?

ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ የአዘጋጁ የግብዣ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ፣ የወላጆች ፈቃድ። ስዊዘርላንድ በአንድ ቪዛ በሚገባበት የአውሮፓ አገሮች ክልል (ሸንገን) ውስጥ ስለሆነች ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ልጁ 12 ዓመት ከሞላው አሻራ ይሰጣል። የቪዛ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። የመጨረሻዋን ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ግን ጉባኤውን በስልክ ነው የሚከታተለው።

የወላጅ ፈቃዱ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ የተረጋገጠ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱም ወላጆች ቢፈርሙ ይመረጣል። አንዱ ወላጅ ከሌለ፣ ለምን እንደሌለ የሚያሳይ ወረቀት አብሮ ይያያዝ። ፈቃዱ ላይ የአጃቢው ሙሉ ስምና የፓስፖርት ቁጥር መኖሩን አረጋግጡ። «ከአጃቢ ጋር እንዲሄድ ፈቅጃለሁ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ድንበር ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ዋናዎቹ አጃቢው እጅ ይሁኑ፤ ፎቶ ኮፒ የልጁ ቦርሳ ውስጥ፣ ፎቶው ደግሞ እናንተ ስልክ ላይ ይቀመጥ።

የእናቲቱና የልጁ ስም ለምን አይመሳሰልም ብለው ቢጠይቁስ?

ይጠይቃሉ። ለእነሱ አንድ ቤተሰብ አንድ የጋራ ስም አለው። እኛ ጋ ግን ልጁ የአባቱን ስም፣ እናቲቱ የራሷን አባት ስም ትይዛለች። የድንበር መኮንኑ ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ልጅ በሌላ ሰው እንዳይወሰድ እየተጠነቀቀ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የእናትም የአባትም ስም አለ፤ እሱን ማሳየት ይበቃል።

ባጁ ላይም ያው ጣጣ ይከተላል። ልጁ በአያቱ ስም ሲጠራ ይውላል። በአያቱ ስም ተጠርቶ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ብዙ ነው። ከመሄዱ በፊት ንገሩት፦ «የአያትህን ስም ከሰማህ አንተ ነህ፣ እጅህን አውጣ።»

አበል አለው?

አይቀርም ይሄ ጥያቄ። ብዙ ጊዜ የአውሮፕላን ትኬት፣ ማደሪያና ምግብ በአዘጋጁ ይሸፈናል። ለልጁ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ቢሰጥ ነው፤ እሱም በአጃቢው በኩል። ለአዋቂ ተሰብሳቢ የሚሰጠው ዓይነት የቀን አበል አትጠብቁ። ጄኔቫ ውድ ከተማ ነች። ለዘመድ ሁሉ ጫማ ይዞ እንዲመጣ ልጁን አታስጨንቁት።

ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ?

በመስከረም ጄኔቫ ጠዋትና ማታ ይበርዳል፤ ሹራብና ዝናብ የሚከለክል ጃኬት ያስፈልጋል። ጫማው የለመደው ይሁን። አዲስ ጫማ አድርጎ የተባበሩት መንግሥታትን ግቢ የዞረ ልጅ ማታ እያነከሰ ነው የሚመለሰው። የሐበሻ ልብስ ለመክፈቻው ወይም ለባህል ምሽቱ ጥሩ ነው፤ ልጁ ካልፈለገ ግን ይቅር። ለሴት ልጅ፣ ወር አበባ ጀምራም ሆነ ገና፣ ሞዴስ ይያዝላት። መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሐኪም ማዘዣው ጋር የእጅ ሻንጣው ውስጥ ያድርገው።

ስንቅ መያዝ ይቻላል፤ ግን ምርጫ አለው። ስዊዘርላንድ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አታስገባም። ስለዚህ ቋንጣ፣ አይብና ቅቤ ቤት ይቅሩ። ጭኮም ቅቤ አለበት፣ እሱንም ተዉት። የተቆላ ቆሎ፣ በሶና ደረቅ ድርቆሽ ችግር የለባቸውም። የቻርጀር ነገር፦ ቀጭን ሁለት ክብ እግር ያለው የእኛ ቻርጀር እዚያ ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ ወፍራሙ አይገባም።

ሰዓቱ እንዴት ነው?

በአውሮፓ በጋ፣ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ገደማ፣ ጄኔቫ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ወደ ኋላ የምትቀረው። በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ኒውዮርክ ሄዶ ሌሊቱን አፍጥጦ እንደሚያድር ሰው አይሆንም፤ ልጁ ቶሎ ይላመዳል።

የሚያስቸግረው የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ነው። መርሃ ግብሩ ላይ 9:00 የተባለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። 14:30 ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። የመጀመሪያው ምሽት ላይ አጃቢው ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ የነገውን ፕሮግራም በአማርኛ ሰዓት ከጎኑ ይጻፍለት። ሰዓት ደግሞ ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰዓት ከተባለ በሦስት ሰዓት በሩ ይዘጋል።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል?

ሰልፍ። ተሰብሳቢና ጎብኚ ወደ ፓሌ ዴ ናሲዮን፣ ማለትም ወደ ተባበሩት መንግሥታት የጄኔቫ ግቢ፣ የሚገባው ፕሬኚ በተባለው በር ነው። እንደ አየር ማረፊያ ፍተሻ አለ። ፓስፖርት ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ባጅ ይታተማል። ባጁ ከአንገት አይወልቅም። ፓስፖርት ሆቴል ረስቶ የመጣ ልጅ ውጭ ይቀራል፤ ከአጃቢው ጋር ተመልሶ ያመጣል። ከሌላው በር ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ አንድ እግሯ የተሰበረ ግዙፍ የእንጨት ወንበር አለች። 12 ሜትር ትሆናለች። በተቀበረ ፈንጂ እግራቸውን ላጡ ሰዎች መታሰቢያ ናት። ልጆች መጀመሪያ ይስቁባታል፤ ሲነገራቸው ዝም ይላሉ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ፒኮኮች ይንጎራደዳሉ። ፒኮክ ለማሳደድ ከሰልፍ የወጣ ልጅ ካለ አትቆጡት፣ ሁሉም ያደርገዋል።

አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ መቀመጫ ፊት ማይክ፣ ማዳመጫና የቋንቋ መምረጫ አለ። ማዳመጫው ጆሮ ላይ ይንጠለጠላል። ቁጥሩን ሲቀይሩ እንግሊዝኛው ፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ቻይንኛ ይሆናል፤ ልጆች የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በዚህ ሲጫወቱ ነው የሚያልፉት። ማይኩ ሲከፈት ቀይ መብራት ይበራል። ልጅ ደግሞ ቀይ ሲያይ መቆም ነው የለመደው፤ እጁን ሰብስቦ ዝም ይላል። እዚህ ግን ቀይ ማለት «ተናገር» ነው። ሲጨርሱ ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት ነው። አለበለዚያ ለጓደኛው «ሽንቴን ወጠረኝ» ያለው በስድስት ቋንቋ ይተረጎማል።

ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ መተዋወቂያ ጨዋታ ነው። አጃቢዎች «ይሄን ያህል አገር አቋርጠን ለጨዋታ መጣን?» ሲሉ ይሰማል። የመጀመሪያው ቀን ቁም ነገሩ እሱ ነው። ያልተጫወተ ልጅ በሁለተኛው ቀን ማይክ አይነካም።

ጾመኛ ነው። ምን ይበላል? ሃላልስ?

ቅጹ ላይ የምግብ ቦታ አለ፤ «ጾም» ብላችሁ ብትጽፉ ጭራሽ አይበላም ማለት ይመስላቸዋል። «ቪጋን» ብላችሁ ጻፉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ይቀርባል። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ከሆነ ቀኖቹን ለይታችሁ ግለጹ። ሃላል የሚበላ ልጅም እንዲሁ አስቀድሞ ይመዝገብ። ጄኔቫ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ ስዊዘርላንድ ብዙ ኤርትራውያን የሚኖሩባት አገር ነች። ዋጋው ግን አይቀመስም።

የቧንቧው ውኃ ይጠጣል። ጠርሙስ እየሞሉ መሄድ ነው።

ልጄ ዓይን አፋር ነው። ትልቅ ሰው ፊት አይናገርም። ምን ይሻላል?

ይሄ ዓይን አፋርነት ላይሆን ይችላል፤ አስተዳደጋችን ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት መድፋት፣ ሳይጠየቁ አለመናገር ጨዋነት ነው ብለን አሳድገነዋል። እዚያ ግን ዓይን ዓይን ማየት ነውር አይደለም። ሰብሳቢዋን በስሟ መጥራት ድፍረት አይባልም። «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ማለት ይቻላል። ይሄን ቤት ውስጥ ቀድሞ ማለማመድ ይሻላል፤ እራት ላይ አስተያየቱን ጠይቁትና ሳታቋርጡ አዳምጡት። ብዙ ቤት ከባዱ ክፍል ሁለተኛው ነው።

ሰላምታም አለ። እኛ ደጋግመን ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን፤ እዚያ ከማያውቁት ሰው ጋር መጨባበጥ ይበቃል። መነካት የማይፈልግ ልጅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ቢል ማንም አይከፋም።

እንግሊዝኛው ደካማ ነው። በአማርኛ መናገር ይችላል?

ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ይፋዊ ቋንቋዎች ስድስት ናቸው፦ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ስፓኒሽ፣ ሩስኛና ቻይንኛ። ከእነዚህ ውጭ የሚናገር ሰው ትርጉሙን ራሱ ያመጣል፤ የተጻፈ ትርጉም ወይም አስተርጓሚ። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት ለአዘጋጁ መናገርና የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ መላክ ያስፈልጋል። የዚያኑ ዕለት ጠዋት «በአማርኛ ነው የምናገረው» ማለት ግን አይሠራም።

እኔ ብጠየቅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከሚያነብ በአማርኛ ይናገር ባይ ነኝ። በእንግሊዝኛ ሲያነብ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በአማርኛ ሲናገር ሰው ያያል። ደግሞም ጄኔቫ አማርኛ ሲሰማ የመጀመሪያው አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሲሞክሩ ጸጥታው እስኪመለስ ጠብቀው ነው የቀጠሉት።

ንግግሩን ማን ይጻፍ?

ልጁ። አዋቂ የጻፈው ንግግር በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይታወቃል። «ዘርፈ ብዙ ተግዳሮቶችን ለመቅረፍ» የሚል የ13 ዓመት ልጅ የለም። አጃቢው መጠየቅ ይችላል፦ ሰፈራችሁ ምን አስቸገራችሁ? ማን ቢያስተካክለው ጥሩ ነው? መልሱን ልጁ በራሱ ቃል ይጻፈው። «ትምህርት ቤታችን ሽንት ቤቱ በር ስለሌለው ሴቶች ልጆች ውኃ አይጠጡም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ መፈክር ይበልጣል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ነው። አስተርጓሚ ተከትሎ እንዲደርስ በደቂቃ ወደ 100 የእንግሊዝኛ ቃል መሄድ ነው፤ በድምሩ 300 ቃል ማለት ነው። አማርኛው በቃል ብዛት ያንሳል፣ ቃሉ ግን ይረዝማል። ስለዚህ ቃል ከመቁጠር በስልክ ሰዓት መያዝ ይሻላል። ድንጋጤ ሁሉንም ያፈጥናል፤ ቤት ውስጥ ሦስት ደቂቃ የፈጀው እዚያ ሁለት ይሆናል።

ማታ ያለቅሳል፣ «ልምጣ» ይላል። ምን እናድርግ?

ያልፋል። ማታ ይብሳል፤ ቀን ላይ ጓደኛ አለ፣ ማታ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ አልጋው የእሱ አይደለም፣ አጠገቡ የተኛው ልጅ ቋንቋውን አያውቅም። የስልክ ሰዓት ቁረጡ፤ ከእራት በኋላ በሆቴሉ ዋይፋይ በቴሌግራም አንድ ጊዜ። ሮሚንጉን ግን አጥፉት። ቀኑን ሙሉ «በላህ? ለበስክ?» እያላችሁ አትደውሉ። ስልኩ ላይ እናት ካለቀሰች ልጁ ሌሊቱን አይተኛም። ማልቀስ ከመጣ ስልኩን ለአባትየው ወይም ለታላቅ እህት ስጡ።

ለቅሶው ካልቆመ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ወይም አንድ የተለየ ሰው ሲያይ የሚሸሽ ከሆነ ናፍቆት ብቻ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ የሕጻናት ደህንነት ኃላፊ ይመደባል። ስልኩና ፎቶው ለልጁ በመጀመሪያው ቀን መሰጠት አለበት፤ ካልተሰጠ አጃቢው ይጠይቅ። የማያውቀውም ሆነ የሚያውቀው አዋቂ ከእሱ ጋር ብቻውን አንድ ክፍል ማደር የለበትም። ለድንገተኛ አደጋ 112 ይሠራል፤ አምቡላንስ 144 ነው።

ጋዜጠኛ ቢጠይቀውስ? የደረሰበትን እንዲናገር ቢጫኑትስ?

«አይ» ማለት ይችላል፤ ይሄን ሳያውቅ ባይሄድ ይሻላል። ኮሚቴው በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 12 ላይ የልጆች ተሳትፎ በፈቃደኝነት መሆን እንዳለበት ጽፏል። ልጁ በፈለገው ሰዓት ማቋረጥ ይችላል። ወላጅ አስቀድሞ ፈርሟል ማለት ልጁ ዛሬ ፎቶ መነሳት አለበት ማለት አይደለም።

አንዳንድ አዋቂ፣ በቅን ልቦናም ቢሆን፣ የሚያስለቅስ ታሪክ ይወዳል። «የደረሰብሽን ንገሪን» ይላል፤ አዳራሹ ያለቅሳል፣ ይጨበጨባል፣ ሰው ወደ ምሳ ይሄዳል። ልጅቱ ግን ቁስሏ ተነክቶ ማታ ብቻዋን ናት። ስለ ችግሩ ለመናገር የራስን ታሪክ ማውጣት ግዴታ አይደለም። «እኛ ሰፈር ያሉ ልጆች» ብሎ መጀመር ይበቃል። አጃቢው እዚህ ላይ ቆፍጠን ማለት አለበት፣ ስፖንሰሩ ቢቀየምም።

ስለ አገሩ መንግሥት ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢናገር ችግር ይመጣበታል?

ልጁ ሲመለስ የሚኖረው እዚሁ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የሕጻናትን መብት ዘርዝሯል፤ አገሪቱም ስምምነቱን ተቀብላለች። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ መናገር እዚያ አዳራሽ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ጉዳይ ግን ከበድ ይላል። ለዚያ ኮሚቴው ከልጆች ጋር በዝግ የሚነጋገርበት ስብሰባ አለው፤ ካሜራም ጋዜጠኛም አይገባም። የትኛው በአደባባይ፣ የትኛው በዝግ እንደሚባል ከልጁና ከወላጁ ጋር ከመሄዱ በፊት ይወሰን። አዳራሽ ውስጥ የተነገረ ነገር ኢንተርኔት ላይ ይቀራል።

ዘመድ «እዚያው ይቅር» ይላል። ምን እንበለው?

ይሄን ጥያቄ ሰው በጆሮ ነው የሚጠይቀው። መልሱን በግልጽ እንናገር። ብቻውን የቀረ ልጅ አጎቱ ቤት አይደለም የሚገባው። የመንግሥት ጥበቃ ሥር ይሆናል፣ ሞግዚት ይመደብለታል፣ ጉዳዩ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ ውጤቱንም ማንም አያረጋግጥለትም። ከእናቱ ጋር መቼ እንደሚገናኝ አያውቅም። የጋበዘው ድርጅት ደግሞ ቀጥሎ የሚልካቸው ልጆች ቪዛ ላይ ይቸገራሉ።

ልጁ ቤቱ ቢመለስ እውነተኛ አደጋ የሚደርስበት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥበቃ የመጠየቅ መብት አለው፣ ለደህንነት ኃላፊው በግል መናገር ይችላል። ያ ግን የልጁ ጉዳይ ነው፣ አየር ማረፊያ ላይ «ስልክህን አጥፋና ና» ብሎ የሚመክር ዘመድ ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ዘመድ እዚያ ካለ፣ ልጁ ከመሄዱ በፊት ለአጃቢው ንገሩት። ሆቴል መጥቶ ልጁን «ለእራት ልውሰደው» ቢል አጃቢው እንዴት እንደሚመልሰው ይወቅ። የሚጠይቀው ዘመድ ካለ እዚያው እንግዳ መቀበያው ላይ፣ አጃቢው ባለበት ይገናኙ።